የአምስት ቀን ኪራይ ከሳምንት ሲወደድ

መኪናውን የፈለግኩት ለ5 ቀን ነበር። ልከፍል ስል እስኪ ብዬ ቀኑን ወደ 7 ቀየርኩት። ጠቅላላ ሂሳቡ ቀነሰ! ብዙ አከራዮች ለሳምንት የተለየ ዋጋ ስላላቸው እንዲህ ይሆናል። ቀድማችሁ የምትመልሱ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ። አንዳንዱ አከራይ ያን ጊዜ በቀን ዋጋ መልሶ ያሰላዋል።

ሌላው ቅናሽ ከቦታው መጣ። ኤርፖርት ያለው ቅርንጫፍ የኤርፖርት ክፍያ ይጨምራል። ከተማ ውስጥ ያለው የዚያው ድርጅት ቅርንጫፍ ያንኑ መኪና በረከሰ ዋጋ ሰጠኝ። የታክሲውን ጨምሬም አዋጣኝ። ያስያዝኩት ያለቅጣት መሰረዝ በሚፈቅደው ዋጋ ስለነበር ከጉዞው በፊት ደግሜ አየሁት። ወርዷል። የድሮውን ሰርዤ አዲሱን ያዝኩ።

መኪናው ትንሽ፣ ማንዋል፣ ንጹህ ነው። ነዳጅ አይበላም።

ቅር ያለኝ ባንኮኒው ላይ ነው። ሠራተኛው ትሑት ነው፤ ግን ተጨማሪ ኢንሹራንስ እንድገዛ ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ። የክሬዲት ካርዴ ሽፋን የኪራይ መኪና ላይ የሚደርስ ጉዳትን እንደሚጨምር ከባንኩ በጽሑፍ ስለያዝኩ እምቢ አልኩ። ሁሉም ካርድ እንዲህ አይደለም። የእኔም ቢሆን በሌላ ሰው ላይ የሚደርሰውን አይሸፍንም፤ ያኛው ኪራዩ ውስጥ መኖሩን ውሉ ላይ አይቻለሁ። እምቢ ስል መኪናውን እስክመልስ ካርዴ ላይ የሚታገደው ገንዘብ (መያዣው) ከፍ አለ። ይሄንን ሳስይዝ ሊነግሩኝ ይገባ ነበር። ካርዴ ባይችለው ኖሮ ቁልፉን ሳላገኝ ከነሻንጣዬ መመለሴ ነበር።

ቀጥሎ «የነዳጁን አስቀድመው ይክፈሉ፣ ባዶውን ይመልሱልን» አለኝ። የሚተርፈው ነዳጅ ገንዘብ አይመለስም። ሙሉውን ወስጄ ሞልቼ እመልሳለሁ አልኩት፤ ተስማማ። ስመልስም ቅርብ ካለው ማደያ ሞልቼ ደረሰኙን ያዝኩ።

ስረከብ መኪናውን ዙሪያውን በቪዲዮ ቀርጬው ነበር። ጎንበስ ብዬ ጎማዎቹን፣ መስታወቱን፣ የነዳጅ መጠኑንና ኪሎሜትሩን ጭምር። ስመልስ ሌላ ሠራተኛ የኋላ ቸርኬ ላይ ያለች ጭረት አሳየኝ። ደነገጥኩ። ቪዲዮውን ከፍቼ ሰጠሁት። ደጋግሞ አየና «ልክ ነዎት» ብሎ የመረከቢያ ወረቀቱ ላይ ፈረመልኝ። መያዣው ከጥቂት ቀናት በኋላ ሙሉ በሙሉ ተለቀቀ።