ጅማ ያላችሁ ተጠንቀቁ፦ «በረኪና የነካውን ቀለም ይመልሳል» ተብሎ የሚሸጥ ፈሳሽ አለ

ሰላም የጅማ ሰዎች። ይሄን የምጽፈው ትላንት ሐሙስ ሂርማታ ገበያ ስሄድ ፈሳሹን የሸጠልኝን ልጅ እዚያው ቦታ ቆሞ ስላየሁት ነው። ጠርሙሶቹን ደርድሮ ለሁለት እናቶች ያስረዳል። ቀርቤ የደረሰብኝን ነገርኳቸው፣ ሳይገዙ ሄዱ። ግን ለስንቱ እየዞርኩ እነግራለሁ?

ነገሩ የጀመረው ለእንቁጣጣሽ ቤት ሳጸዳ ነው። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ። ግድግዳው ያልበዋል፣ ጥጋጥጉ ሻጋታ ያወጣል። እሱን እንደምንም ተወጣሁት። ያስቸገረኝ የእናቴ ጠረጴዛ ነው። እዚሁ አናጺ የሠራላት የዋንዛ ጠረጴዛ ነው። ከረከቦቱ አጠገብ ስለሚቀመጥ ስንት አቦልና ቶና ፈሶበታል። መሀሉ ላይ የጀበና ቂጥ የሚያክል ጥቁር ክብ አለ። በላርጎ አሸሁት፣ በኦሞ አሸሁት፣ ወይ ፍንክች።

ልጁ ታዲያ «እህቴ፣ የማይለቅ እድፍ የለም» አለኝ። ነጭ የሴራሚክ ቁራጭ ላይ ቡና አፈሰሰና በፈሳሹ ጠረገው። ድራሹ ጠፋ። አሁን ሳስበው ገና ያልደረቀ ቡና ከሴራሚክ ላይ በውሃም ይለቃል። ያኔ ግን አላሰብኩትም። የሚሸጠው ሁለት ጠርሙስ አንድ ላይ ነው። አንደኛው «ማስለቀቂያ»፣ ሁለተኛው «መላሽ» ይባላል። «ምናልባት ቀለሙን ከነካብሽ መላሹን ትቀቢዋለሽ፣ እንደነበረ ይሆናል» አለኝ። ያሳመነኝ ይሄ ቃል ነው። ቢበላሽም መመለሻ አለው ብዬ ልቤን ጣልኩበት። ሁለቱን በ700 ብር ገዛሁ። ሁለቱም በሃይላንድ ጠርሙስ ናቸው። ስም የለ፣ ምን እንዳለበት አልተጻፈ፣ ደረሰኝ የለ።

ቤት ገብቼ በጨርቅ ነክሬ ክቡን አሸሁት። ሽታው በረኪና ነው፣ ያውም አፍንጫ የሚሰነፍጥ። እውነቱን ለመናገር ቡናው ለቀቀ። ግን ከሥሩ ያለው የእንጨቱ ቀለም አብሮት ሄደ። ሲደርቅ መዳፍ የሚያህል ነጭ ቦታ ቀረ፣ ጠርዙ ቢጫ ቢጫ የሚል። ጣቴን ሳሳልፍበት ቫርኒሹ ተነስቶ እንጨቱ ሻክሯል። እናቴ አይታ ምንም አላለችም። ዝም ብላ ጨርቅ አለበሰችው። እሱ ነው የከበደኝ።

መላሹን ቀባሁት። ወዲያው ጠቆረ፣ ደስ አለኝ። በሦስተኛው ቀን ነጩ ከሥር ብቅ አለ። ደግሜ ቀባሁ፣ ደግሞ ተመለሰ። ጠርሙሱን ከፍቼ ሳሸተው ላምባ ላምባ ይላል። ጣት ላይ ይሟልጫል፣ ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ ሲል የማይደርቅ የቅባት ምልክት ይተዋል። በቃ፣ ዘይት ነገር ነው። ዘይት ደግሞ እንጨትን ለጊዜው ያጠቁረዋል፣ ልክ ውሃ እንደሚያጠቁረው።

ያስረዱኝ አናጺው ናቸው። «ልጄ፣ ይሄ እኮ እድፍ አይደለም። ቀለሙ የለም። የሌለ ነገር በምን ይታጠባል?» አሉኝ። እኔም የምላችሁ ይሄንኑ ነው። በረኪና ውስጥ ያለው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የሚባል ነገር ነው። ቀለሙን አጥቦ አያወጣውም፣ እዚያው ባለበት ይሰብረዋል። የተሰበረ ቀለም ደግሞ ተመልሶ አይገጥምም። ምንጣፍ ይሁን፣ ሶፋ ይሁን፣ እንጨት ይሁን ያው ነው። ያለው መንገድ አዲስ ቀለም መቀባት ብቻ ነው። «የነጣውን ይመልሳል» ብሎ ፈሳሽ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ፣ ብራችሁን ይዛችሁ እለፉ።

መላሹ ጥቅም ማጣቱ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ዘይቱ እንጨቱ ውስጥ ስለገባ ቀለምም ቫርኒሽም አልይዝ አለ። አናጺው መጀመሪያ ዘይቱን ለማውጣት ብዙ ደከሙ። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ላጉት፣ በደንብ አጥበው አደረቁት። ቀለሙን የመለሱት በምን እንደሆነ ልንገራችሁ? በቡና። ወፍራም ቡና አፍልተው፣ አቀዝቅዘው፣ በጨርቅ ሦስት ጊዜ ደራርበው ቀቡት። እየደረቀ ሲሄድ ከጎኑ ካለው ዋንዛ ጋር እየተቀራረበ መጣ። በላዩ ቫርኒሽ አደረጉበት። ጠጋ ብሎ ያየ ሰው አሁንም ያውቀዋል፣ ግን እናቴ ጨርቁን አንስታዋለች። የእጅ ዋጋቸው 1,500 ብር ነው። ዘይቱን ባልቀባው ኖሮ ግማሹ ይበቃ ነበር አሉኝ።

አሁን ደግሞ ከጠረጴዛው የባሰው። ልጁ ሲሸጥልኝ «የሻወር ቤት እድፍ እንቢ ካለሽ ማስለቀቂያው ላይ የሽንት ቤት አሲድ ትንሽ ጠብ አድርጊበት» ብሎኝ ነበር። ሰማሁት። በሩን ዘግቼ፣ ጎንበስ ብዬ እያሸሁ ጨመርኩበት። ጉሮሮዬን የሆነ ነገር አነቀኝ። ዓይኔ ተቃጠለ፣ ሳሉ ትንፋሽ ከለከለኝ። ጎረቤታችን አዴ ሳሌን ሰምተው ባይመጡ ምን እንደምሆን አላውቅም። እጄን ይዘው ደጅ አወጡኝ፣ በሩንና መስኮቱን ብርግድ አደረጉት። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ያወጣል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች ላይ የተለቀቀው ጋዝ እሱ ነው። ከአየር ስለሚከብድ ታች ይተኛል፣ ስለዚህ ጎንብሶ የሚያጥብ ሰውና ወለል ላይ የሚጫወት ሕፃን ቀድመው ያገኙታል። አቼቶና ሎሚም አሲድ ናቸው፣ ከበረኪና ጋር አይገናኙ። አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋርም እንደዚያው፣ ሌላ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ከደረሰባችሁ አንድም ነገር ለማንሳት አትቆዩ። ውጡ፣ ንጹሕ አየር አግኙ፣ ሳሉ ካልተወላችሁ ሐኪም ቤት ሂዱ።

በረኪና ራሱ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ሴራሚክ ላይ ላለ ሻጋታ አሁንም እጠቀመዋለሁ። ግን ጽሑፍ ያለበትን፣ የታሸገውን ነው የምገዛው። ለ4 ሊትር ውሃ ከ1 ኩባያ አላስበልጥም፣ በሩን ከፍቼ፣ ጓንት አድርጌ፣ በኋላ በውሃ አለቀልቀዋለሁ። በግልጽ ጠርሙስ ፀሐይ ላይ የተደረደረ በረኪና ደግሞ ብርሃንና ሙቀት ጉልበቱን ይጨርሰዋል። የምትገዙት ያበደ ይሁን የሞተ አታውቁትም። የዝገት እድፍ ላይ አትጠቀሙት፣ ዝገቱን ያጸናዋል እንጂ አያለቅቀውም። ለዝገት ሎሚና ጨው ይሻላል፣ በረኪና ያልነካው ቦታ ላይ። ሊሾና እብነ በረድ ላይ ግን ሎሚም አሲድም አይድረስ፣ ይበላዋል። ቅባት ያለው የወጥ ነጠብጣብ ግድግዳ ላይ ካለ ላርጎና ለብ ያለ ውሃ ይበቃዋል። አዲስ ነገር ስትሞክሩ ደግሞ መጀመሪያ የማይታይ ጥግ ላይ ጠብ አድርጋችሁ እስኪደርቅ ጠብቁ። እርጥብ ሆኖ ሁሉም ነገር ያምራል።

ሕጉም አለ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ዕቃ መግለጫ እንዲለጠፍበት፣ ሻጭም ደረሰኝ እንዲሰጥ ያዛል። እኔ ደረሰኝ ስላልያዝኩ ልጁ «ከእኔ አልገዛሽም» ሲለኝ የማሳየው ወረቀት አልነበረኝም።

ጠርሙሶቹ ቤታችሁ ካሉ ዛሬውኑ «መርዝ» ብላችሁ ጻፉባቸውና ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ። የሃይላንድ ጠርሙስ ነው፣ ልጅ ውሃ መስሎት ያነሳዋል። የእህቴ ልጅ ክዳኑን ሲፈታ ነው የደረስኩበት።