የኒፓ ቅጠል ወይስ ቆርቆሮ? ጣሪያ በፊሊፒንስ

በፊሊፒንስ ደሴቶች ባህር ዳር ቤት ለሚሠራ ሰው ይህ ጥያቄ አይቀርለትም። ኒፓ ግንዱ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ የሚቀር፣ የባህርና የወንዝ ውሃ በሚቀላቀልበት የሚበቅል ዘንባባ ነው። ቅጠሉ እስከ 9 ሜትር ይረዝማል።

ዋጋ፦ ኒፓ አካባቢው ላይ ካለ ርካሽ ነው። ቅጠሉ በቀርከሃ ስንጥር ላይ ታጥፎ ይሰፋል፤ ከዚያ ከታች ወደ ላይ እየተደራረበ ይታሰራል። ቆርቆሮ በአንዴ ኪስ ይጎዳል።

ዕድሜ፦ ኒፓ በጥቂት ዓመታት ይቀየራል። ቆርቆሮ ይቆያል፤ ባህር ዳር ግን ቶሎ ይዝጋል።

ሙቀት፦ እዚህ ላይ ክርክር የለም፣ ኒፓ ያሸንፋል። ቆርቆሮ እኩለ ቀን ላይ ቤቱን ምጣድ ያደርገዋል። ዝናብ ሲመጣማ መደማመጥ የለም!

አደጋ፦ ኒፓ እሳት አይችልም። ቆርቆሮ ደግሞ አውሎ ነፋስ ከነቀለው እየበረረ ሰው ይቆርጣል።

ኒፓ ጣሪያ ብቻም አይደለም። ከአበባው አገዳ የሚቀዳው ጣፋጭ ፈሳሽ ሲቦካ ኮምጣጤ ይሆናል፤ በቡላካን ክፍለ ሀገር ያለችው የፓኦምቦንግ ከተማ የምትታወቀው በዚሁ ነው።

ቅጠሉ ቅርብ ከሆነ፣ በየጊዜው የሚጠግን እጅም ካለ ኒፓ ያዋጣል። ቤት ለቤት በተጠጋጋበት ሰፈር፣ ወይም የዝናብ ውሃ ማጠራቀም ለሚፈልግ ቆርቆሮ ይሻላል።