ባለ ዋይፋይ ወይስ ባለ ገመድ? ለድሬ ቤትና ሱቅ የሚሆነው ካሜራ

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ካሜራ ሊገዛ የሚገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ሜጋ ፒክስል ነው?" ብሎ ነው። እኔ ግን ሁለት ጥያቄ ይቅደም እላለሁ። የተቀረጸው የት ነው የሚቀመጠው? መብራት ሲጠፋስ ምን ይሆናል?

ይህን ያስተማረኝ ሳቢያን ያለው ቤታችን ነው። የግቢው በር ላይ አንዲት ባለ ዋይፋይ ካሜራ ሰቅለን ነበር። ምስሏ ጥርት ያለ ነው፣ ስልካችን ላይ እያየናት ደስ ይለን ነበር። ሜሞሪ ካርዷ ግን እዚያው ሆዷ ውስጥ ነው። አንድ ሌሊት መብራት ጠፋ፣ ዋይፋዩም አብሮ ጠፋ፣ ጠዋት ስንነሳ ግድግዳው ላይ የቀረው ሁለት ብሎንና ተቆርጦ የተንጠለጠለ ገመድ ብቻ ነው። ሌባው ካሜራዋን ከነማስረጃዋ ይዟት ሄደ።

ስለዚህ ባለ ዋይፋይ አትግዙ ማለቴ አይደለም። ዋጋዋ ይቀንሳል፣ ባለሙያ አያስፈልግም፣ ቤት ስትቀይሩ ነቅላችሁ ትሄዳላችሁ። ለኪራይ ቤት፣ ለሳሎን፣ ሥራ ላይ ሆኖ ልጆችን ወይም እናትን ለማየት ከሷ የሚሻል የለም። ውጭ ከሆነ ግን መሰላል ካልቆመ የማይደረስበት ቦታ ላይ ስቀሏት። አንድ ነገር ደግሞ አለ፦ ሲግናሉ ወፍራም ግድግዳ አይወድም። ሐረር ጀጎል ውስጥ ያሉት የድንጋይ ቤቶች ውስጥ ራውተሩ አንድ ክፍል፣ ካሜራው ጓሮ ከሆነ ምስሉ ሲቆራረጥ ይውላል።

ለሱቅ የኔ ምርጫ ባለ ዲቪአር ነው። ካሜራዎቹ በገመድ ወደ አንድ መቅረጫ፣ ማለትም ወደ ዲቪአሩ ይገባሉ፣ መቅረጫው ሱቁ ውስጥ ተቆልፎበት ይቀመጣል። ሌባው ካሜራውን ቢሰብር እንኳ ሲቀርብ የታየው ፊቱ ሃርድ ዲስኩ ላይ ቀርቷል። ለመቅረጽ ኢንተርኔት አያስፈልገውም፣ ኢንተርኔቱ ከስልክ ለማየት ብቻ ነው። አንድ ባለ 2 ሜጋ ፒክስል ካሜራ በሰከንድ 2 ሜጋ ቢት ቢቀርጽ በቀን 21 ጊጋ ባይት ገደማ ይወስዳል፤ 4 ካሜራና 1 ቴራ ባይት ዲስክ ካላችሁ 11 ቀን ያህል ወደኋላ ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ ማለት ነው። ደግሞ ለሌሊት ብቻ አታስቡ። ቀትር ላይ ሱቁ ተዘጋግቶ፣ ሰው ሙቀቱን ሸሽቶ በርጫው ላይ ሲቀመጥ ከተማው ጭር ይላል። ያንን ሰዓት በር በሩን የሚያይ ካሜራ ይኑራችሁ።

ባለ ኤንቪአር (በኔትወርክ ገመድ የሚሠራ መቅረጫ) የሚባለው ከዚህ ከፍ ያለው ነው። አንድ የኔትወርክ ገመድ ምስሉንም ኤሌክትሪኩንም ይዞ ይሄዳል፣ እስከ 100 ሜትር ድረስ። ምስሉን ስታቀርቡት ቶሎ አይደበዝዝም፣ የመኪና ታርጋ ለማንበብ ይመረጣል። ዋጋው ይጨምራል። ቢሮ ወይም ፎቅ ገና እየሠራችሁ ከሆነ ግን ልስን ሳይለሰን ገመዱን ቅበሩት፣ በኋላ አትቆጩም። ከከተማ ወጣ ላለ መጋዘን ወይም እርሻ ደግሞ ባለ ሲምና ባለ ሶላሩ አለ። ፀሐይ ለድሬ ችግር አይደለም፣ አቧራ ነው፤ ሶላሩን አልፎ አልፎ መጥረግ ግድ ነው። ባትሪ ለመቆጠብ ሲባል ብዙዎቹ እንቅስቃሴ ሲኖር ብቻ ነው የሚነቁት፣ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ሊያመልጧችሁ ይችላሉ። የሞባይል ካርድም ይበላሉ።

አሁን ወደ መብራቱ። ብዙ ሰው ዲቪአሩን ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ላይ ይሰካና ተገላገልኩ ይላል፣ ካሜራዎቹ ግን እያንዳንዳቸው በየራሳቸው አዳፕተር ከግድግዳ ሶኬት ነው የሚሠሩት። መብራት ሲጠፋ መቅረጫው ነቅቶ ጥቁር ስክሪን ይቀርጻል። ካሜራዎቹ ከአንድ ማከፋፈያ ሳጥን መብራት ያግኙ፣ ሳጥኑም ዩፒኤሱ ላይ ይሰካ። ባለ ኤንቪአሩ እዚህ ላይ ይበልጣል፣ ሁሉም ከአንድ ቦታ ስለሚመጣ። ትንሽ ዩፒኤስ ብዙ ጊዜ 12 ቮልት፣ 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ ነው ያለው። 4 ካሜራና መቅረጫ 40 ዋት ቢወስዱ አዲሱ ባትሪ አንድ ሰዓት ወይም ትንሽ ቢያልፍ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ከፈለጋችሁ ትልቅ ባትሪ ግዙ።

ሙቀቱንም አትናቁት። ዲቪአር በተዘጋ ቁም ሳጥን ወይም ቆርቆሮ ጣራ ሥር ከተቀመጠ ግንቦትና ሰኔ ላይ ሃርድ ዲስኩን ይጨርሰዋል። አየር የሚያገኝ ቦታ ይሁን። ገመድ ስትገዙ ደግሞ ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርጉት፤ መዳብ መስሎ ውስጡ ነጭ ከሆነ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ ርቀት ላይ ኃይል ያጣል። እኔ ሳልፍቅ ገዝቼ ሁለቱ ሩቅ ካሜራዎች ማታ ማታ እየጠፉ ወር ሙሉ አሰቃይተውኛል።

ከተተከለ በኋላ ጠላቱ ሸረሪት ነው። ሸረሪቷ መስታወቱ ላይ ታደራለች፣ የካሜራው የማታ መብራት ድሩ ላይ ሲያርፍ ምስሉ እንደ ጉም ነጭ ይሆናል። በሳምንት አንድ ጊዜ በረጅም መጥረጊያ ጠረግ አድርጉት። የፋብሪካውን የይለፍ ቃል ያን ዕለቱን ቀይሩ። ካሜራውም የጎረቤት ግቢ ውስጥ እንዳያይ አዙሩት፣ የሰው ቤት ነው።

ለባለሙያው ቀሪውን ብር ከመስጠታችሁ በፊት ደግሞ ዋናውን ብሬከር አጥፉት። አሥር ደቂቃ ጠብቁ፣ በካሜራው ፊት ተመላለሱ፣ ከዚያ አብሩና ያንን አሥር ደቂቃ አውጥቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።