መሪዎች ላይ የሚጻፍ ዛቻን ሪፖርት ማድረግ ይሰራል ወይ? የሶስት ወር ልምዴን ልንገራችሁ

ከ5 ኮከብ 2 ነው የሰጠሁት። አንዱ ለቃል ማጣሪያው፣ አንዱ ለይግባኙ። ሪፖርት ማድረጊያው ራሱ ምንም አላገኘም፣ ለምን እንደሆነ ደግሞ ረዘም አድርጌ ነው የምጽፈው ምክንያቱም ጉዳዩ የሰው ህይወት ነው።

እኔ ብዙ አባል ያለው የፖለቲካ ውይይት ግሩፕ አድሚን ነኝ፣ ግሩፑ ውስጥ የገዢውም የተቃዋሚውም ደጋፊ አለ፣ የትም ያልሆነም አለ። አድሚኖቹም እንደዛው ነን፣ ሁላችንም የተለያየ ነው የምንደግፈው። ከጊዜ ወደ ጊዜ መሪዎች ላይ የሚጻፈው ነገር ከስድብ አልፎ ወደ "እንዲህ እናደርገዋለን" ሲሄድ ስናይ ዝም ብለን ዲሊት ከምናደርግ የአፑን መሳሪያዎች በደንብ እንጠቀምባቸው ተባባልን፣ እና ሶስት ወር ሙሉ ተጠቀምንባቸው። የአፑን ስም አልጠራም፣ ሌሎቹን የሚጠቀሙ ጓደኞቼም ተመሳሳይ ነገር ነው የነገሩኝ ስለዚህ አንዱን ብቻ ነጥሎ መውቀስ ልክ አልመሰለኝም።

መጀመሪያው ሳምንት ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። ሁለት ፖስት ነበር። አንደኛው የአንድ ፖለቲከኛ ቤት በር ፎቶ ነው። ስድብ የለውም፣ ዛቻም የለውም፣ ከስሩ የተጻፈው "ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ነው ሚያድረው፣ ጥበቃው አንድ ሰው ነው" ይላል፣ በቃ። ኮመንቱ ላይ ደግሞ "ገብቶናል"፣ "የቤት ቁጥሩንም ጨምርበት" እያሉ ይሳሳቃሉ። አንዱ አድሚናችን ያየው እኩለ ሌሊት ላይ ነበር፣ ሰውዬውን የሚደግፍ ልጅ ነው፣ ደንግጦ ወዲያው ሪፖርት አደረገ። መልሱ የመጣው በደቂቃዎች ውስጥ ነው፣ "የማህበረሰብ ደንባችንን አይጥስም" የሚል። በዛው ሳምንት አንድ ቆየት ያሉ አባላችን በኑሮ ውድነት ተናደው "ይሄ ፓርቲ ከነመሪው ይውደም!" ብለው ጻፉ። ፖስቱ ጠፋ፣ እሳቸውም ለ7 ቀን ታገዱ።

እስቲ አስቡት። አማርኛ የሚችል ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ "ይውደም" የሰልፍ ቃል ነው፣ ከስልጣን ይውረድ፣ ስርአቱ ይብቃ ለማለት ስንት ትውልድ ጮኾበታል። ቢላ ስሎ የተነሳ ሰው የሚናገረው አይደለም። የበሩ ፎቶ ግን አድራሻ አለው፣ ቀን አለው፣ የጥበቃ ቁጥር አለው። የትኛው ነው የሚያስፈራው? አፑ ቃል ብቻ ነው የሚያየው፣ ቃሉ ክፉ ከሆነ ያነሳል፣ ቃሉ ደህና ከሆነ ያልፋል።

ይሄ የአማርኛ ብቻ ችግር አይደለም። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) በኢራኖች ቋንቋ በፋርሲ "ማርግ ባር" የሚባል አለ፣ ቃል በቃል "ሞት ለ" ማለት ነው ግን ሰልፍ ላይ ሲባል "ይውደም" እንደምንለው ነው። የፌስቡክ ባለቤት ሜታ ያኔ የኢራን መሪ በነበረው በካሜኔይ ላይ እንደዛ የሚል ፖስት አንስቶ ነበር፣ ጃንዋሪ 2023 ላይ የራሱ የሜታ ኦቨርሳይት ቦርድ (ውሳኔዎቹን የሚገመግመው አካል) ልክ አይደለም፣ እዚህ አውድ ውስጥ የተቃውሞ መፈክር እንጂ የግድያ ዛቻ አይደለም ብሎ ሻረው። አሜሪካም ከዛ በፊት ብዙ ዘመን ቀድሞ ይሄ ጥያቄ ተነስቷል። በ1966 አንድ የ18 አመት ልጅ ዋሽንግተን ውስጥ ሰልፍ ላይ በግድ ጠመንጃ ካስያዙኝ መጀመሪያ የማነጣጥረው ፕሬዝዳንት ጆንሰን ላይ ነው ብሎ ተናግሮ ተፈረደበት፣ በ1969 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን ሻረለት። ንግግሩ "ካስያዙኝ" የሚል ቅድመ ሁኔታ ነበረው፣ የተባለው የፖለቲካ ውይይት ላይ ነው፣ የሰሙትም ሳቁ። ማለትም ዳኞቹ ቃሉን ብቻ ሳይሆን የት፣ ለማን፣ እንዴት ተባለ የሚለውን ነው ያዩት። እኛ የምንጠቀምበት ሪፖርት ማድረጊያ ላይ ይሄን የምትጽፍበት ቦታ የለም።

ፎርሙን ላስረዳችሁ። ሶስቱን ነጥብ ትነካለህ፣ ሪፖርት ትላለህ፣ ከዛ ዝርዝር ይመጣል፦ ስድብ፣ የጥላቻ ንግግር፣ ዛቻ፣ ሌላ። ዛቻ ስትል "ማን ላይ ነው?" ይልሃል፣ ምርጫው "እኔ ላይ" እና "የማውቀው ሰው ላይ" ነው። ባለስልጣን፣ እጩ፣ የምርጫ አስፈጻሚ የሚል የለም። "ሌላ" ብትል የምትጽፍበት ሳጥን አይከፈትም። ይሄ አካውንት ላለፉት ሁለት ሳምንታት ስለዚህ ሰውዬ ብቻ ነው የሚፖስተው፣ ትናንት ስብሰባው ላይ ተገኝቶ ከኋላ ቪዲዮ ቀርጿል፣ ዛሬ ደግሞ ቤቱን ለጠፈ ብሎ ማስረዳት አይቻልም። አንድ ፖስት ብቻ ነው የምትልከው፣ እሱም ለብቻው ሲታይ ንጹህ ነው።

አደጋው የሚታየው ግን እዛ ድግግሞሹ ላይ ነው። የአሜሪካን ፕሬዝዳንት የሚጠብቀው ሲክሬት ሰርቪስ በ1999 ያወጣው ጥናት አለ፣ ከ1949 ወዲህ ባለስልጣናትንና ታዋቂ ሰዎችን ያጠቁ ወይም ሊያጠቁ የቀረቡ 83 ሰዎችን አንድ በአንድ ያየ ነው። ከነዛ ውስጥ ቀድሞ ለራሱ ሊያጠቃው ላሰበው ሰው ወይም ለፖሊስ ዛቻ የላከ በጣም ጥቂት ነው፣ ብዙዎቹ ግን ለቤተሰብ፣ ለጓደኛ፣ ለስራ ባልደረባ የሆነ ነገር ተናግረዋል ወይ ማስታወሻቸው ላይ ጽፈዋል። "እገድልሃለሁ" እያለ የሚጮኸው ሁሉ አያደርገውም፣ የሚያደርገው ደግሞ ሁሌ አይጮህም። ታድያ "እገድልሃለሁ" የሚለውን ቃል ብቻ የሚያድን ማሽን ማንን እየያዘ ነው?

የቃል ማጣሪያው ግን አንድ ኮከብ ይገባዋል። አድሚን የፈለገውን ቃል ያስገባል፣ ቃሉ ያለበት ፖስት ወዲያው አይወጣም፣ እኛ እስክናየው ይቆያል። ይሄ ብዙ ነገር አድኖናል። ችግሩ አማርኛን የማያውቅ ሰው የሰራው መሆኑ ነው። "ግደሉት" ብለህ ብታስገባ "ይገደል"፣ "እንገድለዋለን"፣ "ገድላችሁ"፣ "ይገደሉ" ሁሉ ያልፋሉ፣ ስሩ አንድ እንደሆነ አይገባውም፣ የአንዱን ግስ እርባታ ብቻ ስንጽፍ ሁለት ማታ ፈጀብን። ከዛ ደግሞ "ማጽዳት" አስገብተን "ማፅዳት" አለፈ፣ ሁለቱን ጸ፣ ሁለቱን ሰ፣ ሶስቱን ሀ፣ ሁለቱን አ እየቀያየርን በድጋሚ መጻፍ ነበረብን። "ጠራርጎ ማውጣት"፣ "ማጽዳት"፣ "መንቀል" የሚሉትን ቃላት ሰው ላይ ሲሆኑ በጣም ነው የምፈራቸው፣ ግን ፊልተሩ ጽዳት ዘመቻ የጠራችውን ሴትዮም አብሮ ያዘብን። "ገዳይ" ስንል ደግሞ ዘፋኝ የሚያደንቀው ሁሉ ተያዘ፣ "ገዳይ ድምጽ" እያለ። ያም ሆኖ መጨረሻ ላይ ሰው አይቶ ስለሚለቀው ጉዳቱ ትንሽ ነው፣ ለዛ ነው ኮከቡን የሰጠሁት። የድምጽ መልእክትና ፎቶ ላይ የተጻፈ ጽሁፍ ግን ጭራሽ አያይም፣ ይሄን የሚያውቁት ሰዎች አሁን ሁሉንም በድምጽ ነው የሚልኩት።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። ከወር በኋላ ሪፖርት ያደረግናቸውን አወጣንና ቁጭ ብለን አየናቸው። እኔ ያደረኳቸው በሙሉ ማለት ይቻላል እኔ የምደግፋቸው ሰዎች ላይ የተጻፉ ናቸው። ያኛው አድሚንም እንደዛው፣ የሱ ሰዎች ላይ ብቻ። ማናችንም አስበን አይደለም ያደረግነው። አፑ የሚያሳየኝ እኔን የሚያናድደኝን ነው፣ የኔ ወገን ሲዝት ግን ወይ አይመጣልኝም ወይ ሳነበው አልፈዋለሁ። ስለዚህ ተቀያየርን፣ እኔ የምቃወመው ፓርቲ መሪዎች ላይ የሚጻፈውን እኔ እከታተል፣ እሱ የኔን ይከታተል ተባባልን። የመጀመሪያው ቀን ከበደኝ። አንድ በጣም የማልወደው ሰው ላይ የተጻፈ አየሁና "ይሄማ ንዴት ነው፣ ማን ያደርገዋል" አልኩ ለራሴ። ከዛ ስሙን በኔ ሰውዬ ስም ተክቼ አነበብኩት። እጄ ቀዘቀዘ።

ጥይቱና ቢላው ፓርቲ መርጦ አያውቅም። እንግሊዝ ውስጥ የሌበር ፓርቲዋ የፓርላማ አባል ጆ ኮክስ ጁን 16፣ 2016 ከመራጮቿ ጋር ልትገናኝ ስትሄድ ተገደለች፣ ኦክቶበር 15፣ 2021 ደግሞ የኮንሰርቫቲቭ ፓርቲው የፓርላማ አባል ዴቪድ ኤምስ እንደዛው መራጮቹን ቁጭ ብሎ ሲያነጋግር። አሜሪካ ዴሞክራቷ የምክር ቤት አባል ጋቢ ጊፈርድስ በ2011 ከህዝብ ጋር በተገናኘችበት ጭንቅላቷን በጥይት ተመታች፣ ሪፐብሊካኑ የምክር ቤት አባል ስቲቭ ስካሊዝ በ2017 ቤዝቦል ሲለማመድ። በ2024 ጁላይ ትራምፕ ሰልፍ ላይ ጆሮው ላይ ተመታ፣ በ2025 ጁን የሚኔሶታ ግዛት ምክር ቤት አባሏ ዴሞክራት ሜሊሳ ሆርትማን ከባሏ ጋር ቤቷ ውስጥ ተገደለች። የአሜሪካ ካፒቶል ፖሊስ የምክር ቤት አባላትን በተመለከተ የመረመረው ዛቻና አሳሳቢ ንግግር በ2022 7,501፣ በ2023 8,008፣ በ2024 9,474 ነበር፣ ከሁለቱም ፓርቲ ያሉትን ጨምሮ። የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር ይስሐቅ ራቢን ኖቬምበር 4፣ 1995 ከመገደሉ በፊት በሰልፍ ላይ የናዚ ዩኒፎርም ያለበሱት ፎቶ ተይዞ ነበር፣ "ከዳተኛ" ይባል ነበር። እነዛን ወረቀቶች የያዙት ሁሉ ገዳይ አልነበሩም። የገደለው አንድ ሰው ነው፣ ግን የሚሰማው ድምጽ በዙሪያው ነበር።

ዛቻው ከራሱ ከመሪው ሲመጣስ? ይሄን አፑ ላይ ሪፖርት ሳደርግ ነው በጣም ተስፋ የቆረጥኩት። ትልቅ ተከታይ ያለው ሰው ስለ ተቃዋሚዎቹ "አጥንታቸውን እንሰብራለን" አይነት ነገር ሲናገር ያለበት ቪዲዮ "ለህዝብ የዜና ጠቀሜታ ስላለው" እንዲቆይ ተወስኗል የሚል መልስ መጣልኝ። ካምቦዲያ ላይም ተመሳሳይ ነገር ሆኖ ነበር፣ ያኔ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ሁን ሴን በ2023 መጀመሪያ ተቃዋሚዎቹን ወይ በህግ ወይ በዱላ ምረጡ አይነት ንግግር አድርጎ ቪዲዮው ፌስቡክ ላይ ቆየ፣ በጁን ኦቨርሳይት ቦርዱ ይነሳ አለ፣ አካውንቱም ለ6 ወር ይታገድ ብሎ መከረ። ቪዲዮው ተነሳ፣ አካውንቱን ግን ሜታ አላገደውም። እኔ እንደሚመስለኝ ብዙ ሰው የሚሰማው ሰው ሲዝት ህጉ ሊጠብቅበት ነው የሚገባው፣ አንድ የተናደደ ሽማግሌ 7 ቀን እየታገደ።

ይግባኙ ለምን ኮከብ አገኘ? ምክንያቱም ሰው ያየዋል። ለሽማግሌው አባላችን ይግባኝ አልን፣ የጻፍንበት ቦታ አለው፣ "ይውደም" ምን ማለት እንደሆነ በአጭሩ አስረዳን፣ በ3ኛው ቀን እገዳው ተነሳላቸው። የበሩን ፎቶም ሁለት ጊዜ ይግባኝ ብለንበት ከነኮመንቶቹ አስረዳን፣ በ11ኛው ቀን ወረደ። 11 ቀን ረጅም ነው። እኛ ከግሩፑ ወዲያው አንስተነው ነበር ግን የለጠፈው ሰው ገጽ ላይ እንዳለ ነበር።

እናንተም የምትጠቀሙበት ከሆነ ከኛ የተማርነውን ውሰዱ። ስክሪንሾት ብቻ አይበቃም፣ ሊንኩንና ሰአቱን ያዙ፣ የአካውንቱን ስም ሳይሆን የማይቀየረውን አድራሻውን ኮፒ አድርጉ ምክንያቱም ስሙን በማግስቱ ይቀይረዋል። ፖስቱን "እዩ ይሄን ጉድ" ብላችሁ ሼር አታድርጉት፣ አድራሻውን እናንተው ናችሁ የምታሰራጩት። ቀንና ቦታ ያለበት ከሆነ ደግሞ የአፑን መልስ አትጠብቁ፣ ለፖሊስና ለተዛተበት ሰው ቢሮ በቀጥታ ንገሩ።

እኔ ባለፈው ሳምንት ያደረኩት ይሄንን ነው። የምቃወመው ፓርቲ መሪ ላይ ነበር፣ ስብሰባ የሚወጣበት የኋላ በርና ሰአቱ ተለጥፎ። ሪፖርት አደረኩ፣ ለፖሊስ አመለከትኩ፣ ከዛ ቢሯቸው ደወልኩ። ያነሳችው ጸሀፊ ሰምታኝ ስትጨርስ "የኛ አባል ኖት?" አለችኝ። አይደለሁም፣ እንደውም የመረጥኩት ሌላ ነው አልኳት። ትንሽ ዝም አለች፣ ከዛ "ሊንኩን በየት ልቀበሎት" አለችኝ፣ ላኩላት፣ በዛው ቀን የመውጫ በሩን እንደቀየሩት ደውላ ነገረችኝ። አፑ ላይ ያለው ሪፖርቴ ዛሬም "በግምገማ ላይ" ይላል።