ከኬሞ በኋላ፦ ባሕር ዳር መቆየት ወይስ ዘጌ መመለስ?

የደም ካንሰር ያለበት ልጅ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ወስዶ ከሆስፒታል ሲወጣ እናቶች ሁሌ ይህን ይጠይቁኛል። ከተማ ዘመድ ጋር እንቆይ ወይስ ቤታችን እንግባ?

ቤት ደስ ይላል። ልጁ የለመደውን ይበላል፣ ከወንድሞቹ ጋር ይሆናል፣ ኪራይ የለም። ይህን አቅልዬ አላየውም። ቤት ትገባለህ ሲባል ፊቱ የሚፈካ ልጅ ስንቴ አይቻለሁ።

ግን ትኩሳት አለ። ከኬሞ በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን፣ ሰውነትን ከበሽታ የሚከላከለው ነጭ የደም ሴል በጣም ይወርዳል። ያኔ 38 ዲግሪ የደረሰ ትኩሳት ለነገ አይባልም። ሆስፒታል እንደደረሰ በ1 ሰዓት ውስጥ አንቲባዮቲክ በደም ሥር መጀመር አለበት። ከተማ ውስጥ ባጃጅ ይዞ መሮጥ ይቻላል። ጣና ሐይቅ ዳር ካለችው ዘጌ በእኩለ ሌሊት ጀልባም መኪናም ማግኘት ፈተና ነው።

ስለዚህ ከኬሞ በኋላ ያሉትን ሁለት ሳምንታት ባሕር ዳር ቆዩ እላለሁ። የደም ምርመራው ሲሻሻልና ሐኪሙ ሲፈቅድ ግቡ።

የትም ብትሆኑ ቴርሞሜትር ይኑራችሁ። በብብት ለኩ፣ በፊንጢጣ በፍጹም። ሳትለኩ ፓራሲታሞል አትስጡ፤ ትኩሳቱን ይደብቃል። ካንቀጠቀጠውም «ወባ ይሆናል» ብላችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ይዛችሁት ኑ።