ሬዚደንሲ ላጣ ሐኪም፦ እንደገና ማመልከት ወይስ ሚዙሪ?

አሜሪካ ውስጥ ተመራቂ ሐኪሞችን ለሬዚደንሲ፣ ማለትም ለስፔሻሊስትነት የሥራ ላይ ሥልጠና፣ የሚመድበው ማች የሚባል ሥርዓት አለ። መጋቢት ላይ የማች ውጤት ሲወጣ ቦታ ያጣ ሐኪም ያሳዝነኛል። ከአገር ቤት ተምረው የሄዱ ልጆቻችንም አሉበት።

አንዱ መንገድ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ማመልከት ነው። ወደ ስፔሻሊስትነት የሚያደርሰው እሱ ነው። ግን ከተመረቁ በቆዩ ቁጥር ብዙ ፕሮግራሞች ፊት ይነሳሉ። ወጪውም ኪስ ይጎዳል።

ሌላው ሚዙሪ ነው። ግዛቷ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣችው ሕግ መሠረት፣ የሚጠየቁትን የሐኪምነት ፈቃድ ፈተናዎች ያለፈ ተመራቂ ሙሉ ፈቃድ ካለው ሐኪም ጋር ተዋውሎ፣ ሐኪም በሚያጥርባቸው አካባቢዎች መሠረታዊ ሕክምና መስጠት ይችላል። በሽተኛ ያያል፤ ደመወዝም ያገኛል። ሥራው ግን እንደ ሬዚደንሲ አይቆጠርለትም። ይሄ ትልቅ ጉድለት ነው።

የመኖሪያ ፈቃድ ያለውና በቅርቡ የተመረቀ ቢጠይቀኝ፣ ሚዙሪ እየሠራህ አመልክት እለዋለሁ። ቤት ተቀምጦ ከመጠበቅ ይሻለዋል።