የገና መብራት፦ በማግስቱ ይውረድ ወይስ ጥምቀትን ይጠብቅ?

አውሮፓ ውስጥ ብዙዎች የገና መብራታቸውን የሚያወርዱት ጃንዋሪ 5 ወይም 6 ላይ ነው። ያን ጊዜ እኛ የነቢያትን ጾም ገና አልፈታንም። ስለዚህ በራሳችን በዓላት እንመዝነው።

በገና ማግስት ማውረድ እንደ ኮዬ ፈጬና ቱሉ ዲምቱ ላሉ የአዲስ አበባ ዳርቻዎች ትልቅ ጥቅም አለው። ቦታው ገላጣ ነው፤ የጥር ነፋስ አቧራውን ያነሳል፣ ፀሐዩ የሽቦውን ላስቲክ ያደርቃል። መብራቱ የታሰረው በቆርቆሮ አጥር ላይ ከሆነማ ነገሩ ከውበት ያልፋል። የተላጠ ሽቦ ቆርቆሮውን ከነካ አጥሩ በሙሉ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል፤ ልጆች ደግሞ አጥር ተደግፈው ነው የሚጫወቱት። እንዲህ ያለው አንድ ሌሊት እንኳ ማደር የለበትም።

እስከ ጥምቀት ማቆየትስ? ከገና እስከ ጥር 11 ሁለት ሳምንት እንኳ አይሞላም። በከተራ፣ ጥር 10፣ ታቦታት ወጥተው ሲያድሩ፣ መንገዱ በአረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ሲያጌጥ፣ የሰፈሩ ደጅ ጨልሞ ማየት ያሳዝነኛል። የመንገድ መብራት በሌለበት ሰፈር ከባሕረ ጥምቀቱ አምሽቶ ለሚመለስ ሰው የአንድ በረንዳ ብርሃን ቀላል ነገር አይደለም።

እኔ ማቆየቱን እመርጣለሁ፤ ግን በረንዳና መስኮት ላይ ላለ፣ ሙቀቱ አነስተኛ ለሆነ የኤልኢዲ መብራት ብቻ። ማታ ስትተኙ ከሶኬት ንቀሉት። ጥር 12 ቃና ዘገሊላ ካለፈ በኋላ አውርዱት፤ አቧራውን በደረቅ ጨርቅ ጠርጋችሁ፣ ሽቦው እንዳይጠማዘዝ ቁራጭ ካርቶን ላይ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት።